መፍቀሬ ፃማ

በአማርኛችን ይህን የመሰለ ነገር ሁሉ «አደንዛዥ ዕፅ» በሚል አንድ ስም ተጠቅልሎ ስለሚጠራ፣ ስሙን የሰማ ሰው ፈጥኖ በዓይነ ኅሊናው የሚታየው ከግንብ ሥር ተጠግቶ የሚያንቀላፋ ምስኪን ነው። ዛሬ ታሪኩን የምናወጋው ሜታምፌታሚን ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ ያነቃል እንጂ አያደነዝዝም፤ እንቅልፍ ይነሣል፤ ረኃብን ያስረሳል፤ የደከመውን ጕልበት ያልደከመ አስመስሎ ያቆማል። ወደ ዓለም የገባውም በመሸታ ቤት በር አልነበረም። በሥራ በር ገባ፤ በሩን የከፈቱለትም ሐኪሞች፣ የጦር አዛዦች፣ የፋብሪካ አለቆችና በትጋሃ ሌሊት የሚያድሩ ደራስያን ነበሩ። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እየቈጠርን ከመነሻው እንጀምር።

በሰሜን ቻይናና በሞንጎልያ ደረቅ ምድር ኤፌድራ የሚባል፣ ቅጠል አለው ለማለት የሚያሳፍር፣ ግንዱ እንደ መጥረጊያ ጭራሮ ቀጥ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ቍጥቋጦ ይበቅላል። የቻይና ሐኪሞች «ማ ኋንግ» እያሉ ለሳል፣ ለአስምና ላብን ለማስወጣት እየቀቀሉ ሲያጠጡት ብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። ናጋዮሺ ናጋይ የተባለው ጃፓናዊ የሐኪም ልጅ፣ አገሩ ከረጅም መገለል ወጥታ የምዕራብን ጥበብ ለመቅሰም በተጣደፈችበት ዘመን፣ በ1871 ከመጀመሪያዎቹ የመንግሥት ተማሪዎች ጋር ወደ በርሊን ተላከ፤ በዚያም በስመ ጥሩው የኬሚስትሪ ሊቅ በአውግስት ቪልሄልም ሆፍማን እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ፣ ጀርመናዊትም አገባ። ወደ አገሩ ተመልሶ የአባቶቹን መድኀኒት በአዲሱ ጥበብ መመርመር በጀመረ ጊዜ፣ በ1885 ከዚያ ጭራሮ ውስጥ ኃይሉን ለይቶ አወጣና ኤፌድሪን ተባለ። በ1893 ደግሞ ከኤፌድሪን ላይ ተነሥቶ ሜታምፌታሚንን አበጀ።

ኤፌድሪን ከሜታምፌታሚን የሚለየው በአንዲት የኦክሲጅን አቶም ብቻ ነው፤ ያችን አንዲት አቶም ያነሣለት ሁሉ የሳሉን መድኀኒት እንቅልፍ ነሺ ያደርገዋል። አንባቢ ይህችን ነገር በልቡ ያኑርልን፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው የሕግና የወንጀል ሩጫ ሁሉ የሚሽከረከረው በእርስዋ ላይ ነውና። ናጋይ ግን ስሙ የተጠራው በኤፌድሪን ነበር፤ ሌላው ሥራው በጥናት መዝገብ ውስጥ ተኝቶ ቀረ። እንዲሁም ላዛር ኤዴሌያኑ የተባለው ሩማንያዊ በ1887 በዚያው በበርሊን የቅርብ ዘመዱን አምፌታሚንን አበጅቶ፣ ምን እንደሚያደርግ ሳይመረምር ትቶት ሄዶ ነበር። በ1919 አኪራ ኦጋታ የተባለ ሌላ ጃፓናዊ ኤፌድሪንን ከቀይ ፎስፎርና ከአዮዲን ጋር አዋሕዶ ሜታምፌታሚንን በጠራ የብርጭቆ ስባሪ አምሳል ለማግኘት ቻለ። መንገዱ ቀላል ነበር፤ ቀላልነቱም የኋላ ኋላ መዘዝ ሆነ።

ዱቄቱን ወደ ገበያ ያወጣው ግን በበርሊን ዮሐኒስታል ሰፈር የነበረው የቴምለር የመድኀኒት ፋብሪካ ነው። የፋብሪካው ኬሚስት ፍሪትስ ሃውሺልድ የአሠራሩን ዘዴ አሻሽሎ በ1937 በባለቤትነት ካስመዘገበ በኋላ፣ በሚከተለው ዓመት «ፐርቪቲን» የሚል ስም ይዞ በትንንሽ ቱቦ ተሞልቶ በየመድኀኒት ቤቱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጥ ጀመር። ለፈተና የሚያጠናው ተማሪ፣ ሌሊት የሚነዳው ሾፌር፣ ተረኛዋ ነርስ ገዙት፤ ለባለትዳር ሴቶችም በቸኮላት ተለውሶ ቀረበ። ያን ጊዜ ኦቶ ራንከ የሚባል የጦር ሐኪም በወታደራዊው የሕክምና ትምህርት ቤት ተማሪዎች ላይ ሞከረውና፣ ኪኒኑን የዋጡት ሌሊቱን ሙሉ ዓይናቸው ፈጦ ሲያድር፣ በጥልቅ ማሰብን በሚጠይቀው ፈተና ላይ ግን ሲሳሳቱ አገኛቸው። ንቃት ጨመረ፣ ማስተዋል አልጨመረም። ለጦር ሠራዊት ግን ንቃቱ በቂ ነበርና በ1940 ፈረንሳይ በተወረረች ጊዜ፣ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ብቻ 35 ሚሊዮን ያህል የፐርቪቲንና የመሰሉ ኪኒኖች ለሠራዊቱ ታደሉ። ከጊዜ በኋላ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሃይንሪሽ በል ያን ጊዜ ተራ ወታደር ነበር፤ ለወላጆቹ በሚጽፈው ደብዳቤ ውስጥ ፐርቪቲን እንዲልኩለት ይለምን ነበር።

የጀርመን የጤና ባለሥልጣን ሌኦናርዶ ኮንቲ አደጋውን ቀድሞ ስላየ፣ በ1939 መጨረሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ፣ በ1941ም በኦፒየም ሕግ ሥር እንዲውል አደረገ። ሠራዊቱ ግን አልተወውም። ራሱ ለሰው ሁሉ ክፉ በሆነ መንግሥት ውስጥ ካሉት ሹማምንት አንዱ ስለ ኪኒን ሲጠነቀቅ ማየት እንግዳ ነገር ነው፤ ሆኖም ከቀደሙት ሕጎች አንዱ የዚያው መንግሥት ሕግ ሆነ።

ፐርቪቲን በአንድ ሰው ላይ ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ከፊንላንድ አለ። አይሞ ኮይቩነን የተባለ ወታደር በመጋቢት 1944 በላፕላንድ በረዶ ላይ ከጓዶቹ ፊት ፊት በበረዶ መንሸራተቻ መንገድ ሲከፍት የሶቪየት ወታደሮች ያሳድዱዋቸዋል። የቡድኑ ኪኒን በእርሱ ኪስ ነበር። ደክሞ ሊወድቅ ሲል አንዲት ኪኒን ሊያወጣ ሞከረ፤ የብርድ ጓንቱ ወፍራም ስለ ሆነ አንዲቱን ብቻ ለይቶ መያዝ ባይሆንለት፣ 30ውንም በመዳፉ ላይ ገልብጦ ዋጠ። ጕልበቱ እንደ እሳት ተነሣ፤ ከዚያም አእምሮው ተሰወረ፤ በነቃ ጊዜ ጓዶቹ የሉም፣ ጥይትም ስንቅም የለውም። ፈንጂ ረግጦ ቆስሎ፣ የጥድ እምቡጥና በእጁ የያዛትን ወፍ ጥሬዋን በልቶ፣ እርሱ ራሱ እንደ ተረከው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ ሲገኝ ክብደቱ 43 ኪሎ ብቻ ነበር፤ ልቡም በደቂቃ 200 ጊዜ ያህል ይመታ ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ 1989 መኖሩ ከተአምር ይቈጠራል።

በጃፓን ደግሞ ዳይኒፖን የተባለው የመድኀኒት ኩባንያ በ1941 ይህንኑ ኪኒን ለሕዝብ ሲያቀርብ ስሙን ከጽርእ ቋንቋ ወስዶ «ፊሎፖን» አለው፤ ጃፓኖችም በአንደበታቸው «ሂሮፖን» አሉት። ፊሎፖኖስ ማለት ድካምን የሚወድ፣ ሥራ ወዳድ ማለት ነው፤ የእኛ ሊቃውንት በግእዝ ሊመልሱት ቢሹ «መፍቀሬ ፃማ» ባሉት ነበር። ስሙ ምንም አልዋሸም። በጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሁለት ፈረቃ ለሚሠሩት ሠራተኞች ታደለ፤ ሌሊት ለሚበሩት አብራሪዎችም «የድመት ዓይን» እየተባለ ተሰጠ። መንግሥት ዜጋው እንዳይተኛ ፈለገ፣ ኪኒኑም የመንግሥቱን ፈቃድ ፈጸመ።

በነሐሴ 1945 ጃፓን እጅዋን ስትሰጥ ከተሞችዋ አመድ ነበሩ፤ የሠራዊቱ መጋዘን ግን በሂሮፖን የተሞላ ነበር። ያ ክምችት ወደ ጥቁር ገበያ ፈሰሰ፤ ኩባንያዎቹም ማምረታቸውን አላቆሙም። ሕዝቡ የሚበላው አልነበረውም፤ ሂሮፖን ደግሞ ረኃብንም ኀዘንንም ያስረሳል፣ ዋጋውም ከምግብ ይረክሳል። ኪኒኑን የለመዱት ሰዎች ውለው አድረው ወደ መርፌ ተሻገሩ። ጋዜጠኛውና ደራሲው ጽሑፉን ለማድረስ፣ ተማሪው ለማጥናት፣ የሌሊት ሠራተኛዋ ዓይኗን ለመግለጥ ይወጉት ነበር። ደራሲው ሳካጉቺ አንጎ ስለ መውሰዱ በግልጥ ጽፏል፤ ኦዳ ሳኩኖሱኬም በነቀርሳ እየታመመ በመርፌው ኃይል ሲጽፍ ቆይቶ በጥር 1947 ደም ተፍቶ ሞተ። በሽታው የያዛቸውን ሰዎች ሕዝቡ «ፖን ቹ» ብሎ ይጠራቸው ጀመር፤ ምልክታቸውም ከቤታቸው ጣራ በላይ ሰው ይሰልለናል ማለት፣ ከግድግዳው ውስጥ ድምፅ መስማት፣ የገዛ ቤተ ሰብን መጠራጠር ነበር።

መንግሥት እርምጃ መውሰድ የጀመረው በዝግታ ነው። በመጀመሪያ ብርቱ መድኀኒት ብሎ መዘገበው፤ ቀጥሎም አምራቾቹ እንዲቀንሱ ጠየቀ፤ ያም ባይጠቅም በ1951 የአንቂ መድኀኒቶች መቈጣጠሪያ ሕግ ወጣ። የሕጉ ስም «ካኩሴይዛይ» የሚል ነው፤ ማለትም አንቂ መድኀኒት። ጃፓኖች በዚህ ከእኛ ይበልጥ ተጠንቅቀው ሰየሙት። ሕጉ ከሐኪሞችና ከሳይንስ ሰዎች በቀር ማንም እንዳይዝ፣ እንዳይሠራ፣ እንዳይወስድ ከለከለ። ነገር ግን የኦጋታ መንገድ ቀላል ነበርና፣ ኩባንያዎቹ የተዉትን በየጓዳው የተደበቁ ቀማሚዎች ተረከቡት። በ1954 ብቻ 55,664 ሰው በዚሁ ወንጀል ተያዘ። በዚያው ዓመት በቶክዮ አንዲት ሕፃን በትምህርት ቤትዋ ውስጥ ሂሮፖን በሚወስድ ሰው እጅ ተገደለችና የአገሩ ቍጣ ነደደ። ቅጣቱ ከበደ፤ ሱሰኞቹን በግድ ሆስፒታል የሚያስገባ ደንብ ወጣ፤ የሚበልጠው ግን በ1955 የተደረገው ነው፤ ይኸውም ሕጉ ኪኒኑን መከልከል ብቻ ትቶ የሚሠራበትን ኤፌድሪን ጨምሮ ያዘ። በሁለት ዓመት ውስጥ የተያዦቹ ቍጥር ከ1,000 በታች ወረደ።

ይህ ድል በብዙ መጻሕፍት ይወደሳል፤ ውዳሴውም ይገባዋል። ሆኖም ጋዜጦችና ፖሊሶች በዚያ ወራት የነገሩን ጥፋት ሁሉ በጃፓን በሚኖሩት ኮርያውያን ላይ ማላከክ እንደ ወደዱ፣ ኪኒኑን የሠራውና ያደለው ግን የጃፓን ኩባንያና የጃፓን ሠራዊት እንደ ነበረ መዝለል አይገባም። ድሉም ለዘላለም አልቆየም። በ1970ዎቹ ያኩዛ የሚባሉት የወንበዴ ማኅበሮች ዕቃውን በደቡብ ኮርያ፣ ኋላም በታይዋን እያሠሩ በመርከብ ማስገባት ጀመሩ፤ በ1984 እንደ ገና ከ24,000 በላይ ሰዎች ተያዙ። «ሻቡ» የሚለው የጃፓን ወንበዴዎች ቃልም ባሕሩን ተሻግሮ የፊሊፒንስ ሕዝብ ቃል ሆነ።

ሜታምፌታሚን በአሜሪካም ለረጅም ጊዜ የከበረ መድኀኒት ነበር፤ ሴቶች እንዲከሱበት፣ ሐኪሞች ቅዝዝ ያለውን እንዲያነቁበት ይታዘዝ ነበር። በ1971 ዓለም አቀፉ ማኅበር በቪየና ተሰብስቦ ስለ አእምሮ ቀያሪ መድኀኒቶች ስምምነት ፈረመ፤ አሜሪካም በዚያው ዓመት ሜታምፌታሚንን ከጥብቅ ቍጥጥር መደብ ውስጥ አስገባች። (ለእኛ ሰው እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ከዚህ ስምምነት አራት ዓመት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ የጫትን ቅጠል ሲመረምር ካቲኖን የተባለውን ንጥረ ነገር አገኘ፤ አሠራሩም የአምፌታሚን ሥጋ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ካቲኖን በስምምነቱ ሰንጠረዥ ውስጥ ተጻፈ፤ ጫቱ ግን አልተጻፈም። በሐረርጌ ከሰዓት በኋላ ምርቃናው ደርሶ ወግ የደራለት ሰው የናጋይን ቅመም የሩቅ የአጎት ልጅ ማኘኩን አያውቅም።)

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የበርና የመቈለፊያ ታሪክ ነው። የአሜሪካ ቀማሚዎች በመጀመሪያ ፊኒል አሴቶን ከሚባል ፈሳሽ ላይ ይሠሩት ነበር፤ በ1980 ያ ፈሳሽ ቢከለከል በካሊፎርኒያ ያሉቱ ወደ ኤፌድሪን ዞሩ፤ የሚወጣውም ከፊተኛው የበረታ ሆነ። በአደንዛዥ ዕፅ ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጂን ሃይስሊፕ የሚባል ሹም ነበር። ይህ ሰው ቀደም ብሎ ሜታኳሎን የተባለውን የእንቅልፍ ኪኒን፣ ጥሬ ዱቄቱን የሚሠሩትን የዓለም ፋብሪካዎች አንድ በአንድ በመለመንና በማሳመን ከገበያ ያጠፋ ነውና፣ ለኤፌድሪንም ይህንኑ ሊያደርግ አሰበ። አሳቡ ሲቀርብ ግን የመድኀኒት ኩባንያዎች ለጉንፋን የሚሸጡት ኪኒን ይነካብናል ብለው ተቃወሙ። በ1988 የወጣው ሕግ ጥሬውን ዱቄት አገደ፤ ተጠፍጥፎ ኪኒን የሆነውን ግን ነፃ አደረገ። እንግዲህ ሕግ አውጪው በሩን ዘግቶ መስኮቱን ክፍት ተወ ማለት ነው፤ ቀማሚዎቹም በመስኮቱ ገቡ። በ1990ዎቹ ሕጉ ደጋግሞ ተጠገነ፤ በእያንዳንዱም ጥገና መካከል የጉንፋን ኪኒን በካርቶን እየተገዛ በየመንደሩ መታጠቢያ ቤት ሲቀቀል ነበር። የሜክሲኮ ነጋዴዎች ደግሞ በቶን ያስመጡ ነበር፤ በ1994 በዳላስ የአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ 3.4 ቶን ኤፌድሪን ተያዘ።

በታኅሣሥ 2003 በኦክላሆማ አንድ የመንገድ ፖሊስ ሜታምፌታሚን በሚቀምም ሰው ተገደለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግዛቲቱ የጉንፋኑን ኪኒን ከመደርደሪያ አንሥታ ከመድኀኒት ባለሙያው ጀርባ እንዲቀመጥ አዘዘች። ገዢው መታወቂያውን ያሳያል፣ በመዝገብ ይፈርማል፤ ይህ ሥርዓት በ2006 የአገሩ ሁሉ ሕግ ሆነና ማንም በቀን ከ3.6 ግራም በላይ እንዳይገዛ ተወሰነ። የቤት ውስጥ ቅመማው እጅግ ቀነሰ። ሥራው ግን ወደ ደቡብ ሄደ፤ በመጋቢት 2007 የሜክሲኮ ፖሊስ ከቻይና ኬሚካል ያስመጣ በነበረው በዜንሊ ዬ ጎን ቤት 205 ሚሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብ ተከምሮ አገኘ። ሜክሲኮም በተራዋ የጉንፋኑን መድኀኒት ብታግድ፣ ቀማሚዎችዋ ወደ ጥንቱ ወደ ፊኒል አሴቶን ተመለሱ፤ እርሱንም ከሌሎች ማንም ካልከለከላቸው ኬሚካሎች ራሳቸው መሥራት ተማሩ።

ወደ እስያ ስንመለስ፣ በታይላንድ ሜታምፌታሚንን ከካፌይን ጋር ደባልቀው የሠሩትን ቀይ ኪኒን የጭነት መኪና ሾፌሮችና የእርሻ ሠራተኞች «ያ ማ» ይሉት ነበር፤ የፈረስ መድኀኒት ማለት ነው። በ1996 የጤና ሚኒስትሩ ይህ ስም ጕልበትን ያስመኛል በማለት «ያ ባ»፣ የእብደት መድኀኒት እንዲባል አደረጉ። ስሙ በእውነት ያዘ፤ ዕቃው ግን አልቀነሰም፤ ከምያንማር ከሻን ግዛት ተራሮች በየዓመቱ በሚሊዮን ይወርድ ነበር። በየካቲት 2003 ጠቅላይ ሚኒስትር ታክሲን ሺናዋትራ ጦርነት አወጁና በሦስት ወር ውስጥ ከ2,500 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ኋላ የተቋቋመው መርማሪ ኮሚቴ ከሙታኑ እኩሌታ የሚበልጡት ከዕፁ ንግድ ጋር ምንም ግንኙነት ያልነበራቸው መሆናቸውን ገለጠ። ያን ሁሉ ደም ያፈሰሰው ጦርነት የሻንን ቀማሚዎች አንዱን ምድጃ እንኳ አላጠፋም።

ወደ አፍሪካም ደርሷል። በኬፕ ታውን ዳርቻ ያሉ የድኻ ሰፈሮች «ቲክ» ብለው ከተቀበሉት ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል፤ የወንበዴ ማኅበሮቹ ከባሕሩ ድንጋይ ላይ በስርቆት የሚለቅሙትን ፔርልሙን የተባለ የከበረ ቀንድ አውጣ ለቻይና ነጋዴዎች ሰጥተው ኬሚካሉን ይቀበሉ ነበር። በናይጄርያም በ2016 በአሳባ ከተማ የተገኘውን ትልቅ ፋብሪካ ሲያሠሩ የተያዙት ከሜክሲኮ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ።

በጥቅምት 2021 በላኦስ በቦኬኦ አውራጃ ፖሊስ የቢራ ሣጥን የጫነ መኪና አቁሞ ሲፈትሽ፣ በቢራው ፋንታ ከ55 ሚሊዮን በላይ ኪኒንና ከ1.5 ቶን በላይ የጠራ ሜታምፌታሚን አገኘ፤ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ እስያ በአንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ብዛት ከዚያ በፊት አልተያዘም ነበር።

በዚያው ዘመን ከዚህ ሁሉ የኬሚካል ንግድ ርቀው ያሉት የአፍጋኒስታን ቀማሚዎች ሌላ ነገር አስተውለው ነበር። ከውጭ የሚመጣው የጉንፋን መድኀኒት ሲወደድባቸው፣ በማዕከላዊው ተራራማ አገር ኤፌድራ፣ በእነርሱ ቋንቋ «ኦማን»፣ ማንም ሳይዘራው እንደሚበቅል አዩ። የተራራው ሰዎች ነቅለው፣ አድርቀው፣ በጆንያ ጠቅጥቀው በጭነት መኪና ወደ ፋራህ አውራጃ ወደ ባክዋ ያወርዱት ነበር፤ በዚያም ተፈጭቶ በበርሜል ይዘፈዘፍና፣ ናጋይ በ1885 ከቻይናው ጭራሮ ያወጣው ያው ኤፌድሪን ይወጣለት ነበር። በታኅሣሥ 2021 ታሊባን ተክሉን መልቀምን ከለከለ። ዓዋጁ የደረሰው የዚያ ዓመቱ ለቀማ አልቆ፣ ጆንያዎቹ በባክዋ መጋዘን ከገቡ በኋላ ነበር።